ሂሳቡ በጆሮ ነው ወይስ በቤት?

አራት ሰዎች አንድን ዘፈን በአንድ ጊዜ ለመስማት አራት ጊዜ የከፈሉበት መጠጥ ቤት ነበረ። ቦታው የአሜሪካዋ ሳን ፍራንሲስኮ፣ የመጠጥ ቤቱ ስም ፓሌ ሮያል፣ ቀኑም እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 23 ቀን 1889 ነው። ሉዊስ ግላስ የተባለ ሰው የኤዲሰንን ፎኖግራፍ ሳንቲም በሚጎርስ ሣጥን ውስጥ አስገብቶ ለጠጪው አቀረበ። ሣጥኑ ድምፁን ለቤቱ ሁሉ የሚያሰማ መለከት አልነበረውም። በመለከት ፈንታ የሐኪም ማዳመጫ የሚመስሉ አራት ቱቦዎች ተቀጥለውለት፣ ለእያንዳንዱ ቱቦ ለየብቻው የሳንቲም መክተቻ ተበጅቶለት ነበር። አምስት ሳንቲም የከፈለ ቱቦውን ጆሮው ላይ ደግኖ ይሰማል፤ ያልከፈለ አጠገቡ ቆሞ የሰሚውን ፊት ይመለከታል። ቱቦው ከጆሮ ወደ ጆሮ ስለሚዞር መጥረጊያ ፎጣም ይቀርብ ነበር። ይህ ሣጥን በስድስት ወር ገደማ ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ አስገባ።

ልብ እንበል፤ የሚዞረው ሲሊንደር አንድ ነው፤ ዘፈኑም አንድ ነው። ማሽኑ ለአራት ሰው ሲዘፍን ለአንድ ሰው ከሚዘፍነው የበለጠ አይደክምም። ሆኖም ሂሳቡ የተሠራው በዘፈኑ ሳይሆን በጆሮው ቁጥር ነው። የሙዚቃ ንግድ ታሪክ ጸሐፊዎች ይህን ሣጥን የጁክ ቦክስ አያት ይሉታል። እኔ ደግሞ በኪሳችን ይዘነው የምንዞረው ስልክ አያት ነው ብል ብዙ የምሳሳት አይመስለኝም።

ይህን ጥንታዊ ነገር ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ በከተሜው ቤት አንድ ትንሽ ክርክር ገብቷል። ባልና ሚስት፣ ወይም እህትና ወንድም፣ ወይም አንድ ቤት ተጋርተው የተከራዩ ሁለት ጓደኛሞች፣ በኢንተርኔት ሙዚቃ የሚያሰማ አገልግሎት በወር ክፍያ ይገቡና ‹‹አንድ እንክፈል ወይስ ሁለት?›› ይባባላሉ። የጥቂት ብር ወሬ ይመስላል። ውስጡ ሲገባ ግን ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ጠብ ነው፤ ሙዚቃ የሚሸጥ ሰው ሂሳቡን የሚቆጥረው በጆሮ ነው ወይስ በቤት? በቤት ከሆነስ ቤት ማለት ምንድን ነው? (ከዚህ በታች የውጭውን ታሪክ በፈረንጅ አቆጣጠር፣ የአገራችንን በራሳችን አቆጣጠር እጽፋለሁ።)

በጆሮ የሚቆጥረው ወገን ሳን ፍራንሲስኮ ላይ ሲከብር፣ በቤት የሚቆጥረው ወገን አውሮፓ ውስጥ ብቅ አለ። ክሌማን አዴር የተባለ ፈረንሳዊ በ1881 በፓሪስ የኤሌክትሪክ ኤግዚቢሽን ላይ፣ ከኦፔራ ቤቱ በስልክ ሽቦ የተሳበ ሙዚቃ ለሕዝብ አሰማ። በ1890 ነገሩ ንግድ ሆነና ቴአትሮፎን ተባለ። ይህ ኩባንያ ሁለቱንም ሂሳብ ያውቅ ነበር። በሆቴልና በቡና ቤት ለአምስት ደቂቃ ሃምሳ ሳንቲም እያስከፈለ በጆሮ ይሸጣል፤ አቅም ላለው ደግሞ መስመሩን ቤቱ ድረስ አስገብቶ በደንበኝነት ያስከፍለዋል። ደራሲው ማርሴል ፕሩስት ከነዚህ የቤት ደንበኞች አንዱ ነበር፤ ከአልጋው ሳይነሳ ኦፔራ ይሰማ እንደነበር ይታወቃል።

ከሁሉ የሚገርመኝ ግን የቡዳፔስቱ ነው። ቲቫዳር ፑሽካሽ የተባለ ሀንጋሪያዊ በፌብሩዋሪ 1893 ‹‹ቴሌፎን ሂርሞንዶ›› የሚባል የሽቦ ጋዜጣ ጀመረ። ጠዋት ዜና፣ ቀን የገበያ ዋጋ፣ ማታ ኦፔራ በስልክ መስመር ወደ ደንበኛው ቤት ይገባል። ሰውዬው በወሩ ሞተ፤ ሥራው ግን ቀጥሎ በ1907 ወደ አሥራ አምስት ሺህ የሚጠጋ ደንበኛ ነበረው። ደንበኛው ቤት ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ዕቃ በገመድ የተንጠለጠሉ ሁለት መስሚያዎች ነበሩት። አንድ ሰው ብቻውን ከሆነ ሁለቱንም በሁለት ጆሮው ይይዛል። ባልና ሚስት ከሆኑ አንዱን እሱ፣ አንዱን እሷ ይዘው፣ ጭንቅላት ለጭንቅላት ተጠጋግተው መስማት ይችላሉ። ክፍያው ያው አንድ ነው። ከቡዳፔስት ማንም መጥቶ ‹‹ማታ ስንት ጆሮ ሰማ?›› ብሎ አይጠይቅም።

በኋላ ሬዲዮ ሲመጣ ይኸው የቤት ሂሳብ ሕግ ሆነ። እንግሊዞች በ1922 ሬዲዮ ለሚያዳምጥ ቤት የዓመት ፈቃድ በአሥር ሺሊንግ ሲያወጡ፣ ከሳሎኑ ውስጥ አያት ይኑሩ የልጅ ልጅ ጉዳያቸው አልነበረም። ሬዲዮው የሚገኝበት ቤት ከፈለ፤ የቀረው የቤተሰቡ ጉዳይ ነው።

በእኛ አገር ሂሳቡ ከመጀመሪያውም በቤት ነበር ለማለት ያስደፍራል። አዝማሪ ጠጅ ቤት ሲገባ የሚሸልመው አንድ ሰው ነው፤ የሚሰማው ቤቱ ሁሉ ነው። ግንባሩ ላይ ብር የለጠፈለት ሰው ስሙ ይነሣለታል፣ ዘመዱ ይወደስለታል፤ ሆኖም ከጥግ የተቀመጠውን ድሃ ‹‹አንተ አልከፈልክምና ጆሮህን ድፈን›› ያለው የለም። እንዲያውም ያ ጥግ የተቀመጠው ሰው ግጥም ነግሮ ‹‹ተቀበል›› ካለ፣ ያለ ሳንቲም የዘፈኑ ባለቤት ሊሆን ይችላል።

የተቀረጸ ድምፅ ወደ ቤተ መንግሥታችን የገባበት ታሪክ ደግሞ ከሙዚቃ ይልቅ ከመልእክት ጋር የተያያዘ ነው። በ1890 ዓ.ም. ክረምት ንግሥት ቪክቶሪያ ለዐፄ ምኒልክ በፎኖግራፍ ሲሊንደር ላይ ሰላምታ ቀርጸው ላኩ። ድምፃቸው በሰው እጅ እንዳይቀር ስለፈለጉ፣ ከተሰማ በኋላ ሲሊንደሩ እንዲጠፋ አዘዙ። ዐፄ ምኒልክና እቴጌ ጣይቱ በበኩላቸው መልሱን በድምፃቸው ቀርጸው ሰደዱ። የቪክቶሪያ ሲሊንደር እንደታዘዘው ጠፋ፤ የኛዎቹ ባልና ሚስት ድምፅ ግን እስከ ዛሬ አለ፤ ለንደን ውስጥ ተቀምጧል። ይህችን ታሪክ አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ፤ ርቆ ያለ ሰው በማሽን አማካይነት ቤት ውስጥ እንደገባ የሚቆጠርበት ልማድ በኋላ ይመጣልና።

ከዚያ በኋላ በ1900ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ ጀርመን ሄደው ዘፈናቸውን በሸክላ አስቀረጹ። ግራሞፎን ግን የመኳንንትና የነጋዴ ዕቃ ነበር። ለብዙው ሕዝብ የተቀረጸ ሙዚቃ የደረሰው በሬዲዮ ነው፤ እሱም መጀመሪያ በአደባባይ። ከጠላት ወረራ ማግስት በአዲስ አበባ አደባባዮች ድምፅ ማጉያ ተሰቅሎ ሰዉ ቆሞ ይሰማ ነበር። እዚህ ላይ የጆሮም የቤትም ሂሳብ የለም፤ ከተማው ሁሉ አንድ ሳሎን ነው።

የሸክላው ዘመን ለመካከለኛው ከተሜ የመጣው በ1960ዎቹ ነው። ሸክላ የማሳተምና የማስገባት መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ ተሰጥቶ በነበረበት ጊዜ፣ አምሐ እሸቴ የተባሉ የሃያ አራት ዓመት ወጣት ያንን ክልከላ ጥሰው በ1961 ዓ.ም. የራሳቸውን ሸክላ ማሳተም ጀመሩ። እስከ 1967 ድረስ 103 ትንንሽ ሸክላዎችና 12 ትልልቅ አልበሞች አወጡ። የመጀመሪያዎቹ ሕንድ አገር ታትመው ነበር የመጡት። ትንሹ ሸክላ በአንድ ፊቱ አንድ፣ በሌላው ፊቱ አንድ ዘፈን ይይዛል። አንድ ሸክላ ተገዝቶ ሁለት ሰው የተለያየ ፊት የሚወድበት ቤት ስንት ይሆን? አንደኛው ፊት በመርፌ ተፍቆ ሲያረጅ ሌላኛው አዲስ እንደሆነ የሚቀር ሸክላ የአሮጌ ዕቃ ሻጮች ዘንድ አይቻለሁ። የዚያን ቤት ሥልጣን በማን እጅ እንደነበር ከሸክላው መመርመር ይቻላል ባይ ነኝ።

ከሁሉም በላይ ግን የቤት ሙዚቃ ማለት ለእኔ ትውልድ ካሴት ነው። ፊሊፕስ ካሴትን ለዓለም ያሳየው በ1963 ነው፤ ወደ እኛ ተዛምቶ ሸክላን ከገበያ ያስወጣው ግን ከአብዮቱ በኋላ ነው። ዘመኑ ሰዓት እላፊ የነበረበት ዘመን ስለሆነ የሌሊት ሙዚቃ ከጭፈራ ቤት ወደ ሳሎን ገባ። ቴፑ ዳንቴል ለብሶ፣ ከፎቶግራፎቹ በታች፣ ከብርጭቆው መደርደሪያ አጠገብ ይቀመጣል። ዳንቴሉን የመግለጥ ሥልጣን የአባወራው ነው። አባወራው ከቤት ሲወጣ የእማወራዋ፣ እማወራዋ ገበያ ስትሄድ የልጆቹ ይሆናል። በአንድ ቴፕ ቤቱ በቀን ሦስት አገዛዝ ያያል ማለት ነው።

ይህ ቴፕ የጋራ ስለነበረ ሕግ ነበረው። መብራት ሲጠፋ ድንጋይ ይገባለታል፤ ድንጋይ ውድ ነውና ካሴት በማሽኑ አይጠነጠንም፤ ቢክ እስክሪብቶ ጥርሱ ውስጥ ተሰክቶ በእጅ ይሽከረከራል። ድንጋዩ ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል፤ ያም ካልሆነ በጥርስ ነከስ ይደረጋል። ዘፋኙ ድምፁ እየወፈረና እየተጎተተ ሲመጣ ማንም ሳይናገር ይዘጋል። ካሴት የተዋሰ ሰው ጠንጥኖ ይመልሳል። ከሁሉ የከፋው ወንጀል በሰው ካሴት ላይ መቅዳት ነበር። የካሴቱ ጀርባ ያሉት ሁለት ጥርሶች ቢሰበሩም ቀዳዳው በወረቀት ከተወተፈ ይቀዳል፤ እናም በባል የጥላሁን ገሠሠ ካሴት ላይ የሚስት ዘመዶች የሠርግ ዘፈን ገብቶበት የተኳረፉ ሰዎች ነበሩ። ብልሆቹ ባዶ የዘጠና ደቂቃ ካሴት ገዝተው፣ አንዱን ፊት ለእሱ፣ ሌላውን ፊት ለእሷ ያስቀዱ ነበር። ዛሬ ኩባንያዎች ‹‹የሁለት ሰው ጥቅል›› የሚሉትን ነገር የመርካቶና የፒያሳ ካሴት ቀጂዎች ቀድመው ሸጠውታል።

ሙዚቃው የጋራ ሲሆን አለመውደድም የጋራ ነው። የማልወደውን ዘፈን በግድ እየሰማሁ ነው ያደግሁት፤ ዛሬ ከምወዳቸው ዘፈኖች ግማሾቹ ያኔ በግድ የሰማኋቸው ናቸው።

ይህን የጋራ ሳሎን የበተነው መሣሪያ፣ በሚያስገርም ሁኔታ፣ ለሁለት ሰው ታስቦ የተሠራ ነበር። ሶኒ ዎክማንን በጃፓን ገበያ ያወጣው ጁላይ 1 ቀን 1979 ሲሆን ዋጋው 33 ሺህ የን ነበር። የኩባንያው መሪ አኪዮ ሞሪታ በሕይወት ታሪካቸው እንደጻፉት፣ የሙከራውን ዕቃ ቤታቸው ወስደው ሲያዳምጡ ባለቤታቸው ከነገሩ ውጪ የመደረግ ስሜት ተሰማቸው። ሞሪታም ብቻን ማዳመጥ ሥነ ሥርዓት የጎደለው ነገር ይሆናል ብለው ሰጉ። ስለዚህ የመጀመሪያው ዎክማን ሁለት የጆሮ ማዳመጫ መሰኪያ ተሠራለት፤ አንደኛው የወንዱ፣ ሁለተኛው የሴቷ የሚል ትርጉም ያለው ጽሑፍ ተጻፈበት። ብርቱካናማ ቁልፍም ነበረው። ቁልፉ ሲጫኑት ሙዚቃው ይቀንስና ሁለቱ ሰሚዎች በውስጡ ባለው ማይክሮፎን አማካይነት ማዳመጫውን ሳያወልቁ ይነጋገራሉ።

ገበያው ግን ሞሪታን አልሰማቸውም። ገዢዎች ዕቃውን የየግል አደረጉት፤ በኋለኞቹ ሞዴሎች ሁለተኛው መሰኪያና ብርቱካናማው ቁልፍ ቀሩ። ሁለተኛው ጆሮ ሌላ ዎክማን መግዛት ነበረበት። ግላስ በሳንቲም ሣጥኑ ያገኘውን ድል ሶኒ ሳይፈልገው አገኘው ማለት ነው።

ሲዲውን፣ ፍላሹን፣ በሙዚቃ ቤት ‹‹ሚሞሪ ሙላልኝ›› የሚባልበትን ዘመን ዘልዬ አልፋለሁ፤ በዚያ ዘመን ዘፈን እንደ ውኃ ከቤት ቤት ፈሰሰ፣ ሂሳቡም የሚያዝበት ጠፋ። የጠፋውን ሂሳብ መልሶ የያዘው ስትሪሚንግ የሚሉት ነገር ነው። ስፖቲፋይ በ2006 በስቶክሆልም ተመሥርቶ አገልግሎቱን በ2008 መጨረሻ በጥቂት የአውሮፓ አገሮች ጀመረ፤ አሜሪካ የገባው በ2011 ነው። እዚያ የአንድ ሰው የወር ክፍያ አሥር ዶላር ሊሞላ አንድ ሳንቲም ይጎድለው ነበር።

አሥር ዶላር የከፈለ ሰው ስንት ሚሊዮን ዘፈን ቢከፈትለትም፣ በአንድ ጊዜ የሚሰማው በአንድ መሣሪያ ብቻ ነው። ሚስት ወጥ ቤት ከፍታ እየሰማች ባል መንገድ ላይ ስልኩን ከነካ የእሷ ይቆማል። እሷ መልሳ ስትከፍት የእሱ ይዘጋል። ዳንቴል የለበሰው ቴፕ በሰማይ ሽቦ ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ ልዩነቱ ያኔ ተከራካሪዎቹ አንድ ክፍል ውስጥ ስለነበሩ ሳቅም ጩኸትም ነበረበት፤ አሁን ዘፈኑ በድንገት ጸጥ ይላል እንጂ ማን እንደወሰደው ፊቱ አይታይም።

ሌላም ጣጣ አለ። አገልግሎቱ ሰሚው ምን እንደሚወድ እያጠና ‹‹ይህን ስማ›› ይላል። ሁለት ሰው አንዱን ስም ሲጋራው መሣሪያው በዓለም ላይ የሌለ ሦስተኛ ሰው ይፈጥራል፤ ጠዋት መዝሙር፣ ቀን የትግርኛ ጉማዬ፣ ማታ የኮንጎ ጊታር፣ ሌሊት የሕፃን ማስተኛ የሚሰማ ሰው። ከዚያም ለዚህ ለሌለ ሰው ዘፈን ይመርጥለታል።

ኩባንያዎቹ የቤት ሂሳብን እንደገና ያስታወሱት ቀስ በቀስ ነው። ስፖቲፋይ በ2014 ለቤተሰብ የሚሆን ክፍያ አወጣ፤ ተጨማሪው ሰው በግማሽ ዋጋ ይገባል የሚል ነበር። በጁን 2015 አፕል የራሱን የሙዚቃ አገልግሎት ሲከፍት ለስድስት ሰው በአሥራ አምስት ዶላር አቀረበ፤ ስፖቲፋይም በዓመቱ ይህንኑ ተከተለ። እዚህ ላይ ባልና ሚስት ብቻ የሆኑበት ቤት ይታሰብ። ስድስት ወንበር ገዝተው በሁለቱ ይቀመጣሉ። አራቱ ባዶ ወንበር ላይ የአክስት ልጅ፣ የሥራ ባልደረባ፣ የድሮ የክፍል ጓደኛ ይቀመጥበታል። በእኔ ግምት ‹‹የሁለት ሰው›› የሚባለው ጥቅል የተወለደው እነዚያን ባዶ ወንበሮች ለማንሳት ነው። ስፖቲፋይ በማርች 2019 በኮሎምቢያ፣ በቺሊ፣ በዴንማርክ፣ በአየርላንድና በፖላንድ ሞከረው፤ በጁላይ 2020 አሜሪካን ጨምሮ ለብዙ አገሮች አዳረሰው። በአሜሪካ ዋጋው አሥራ ሦስት ዶላር ሊሞላ አንድ ሳንቲም ሲቀረው ነበር። ለብቻው የሚሰማ ሰው አሥር ይከፍል ነበርና፣ ሁለተኛው ሰው የገባው በሦስት ዶላር ነው። ከዚያ ወዲህ ዋጋው እየጨመረ ሄዷል። የሁለተኛው ጆሮ ዋጋ ግን ከመጀመሪያው ያነሰ መሆኑ፣ ከሳን ፍራንሲስኮው ሣጥን ወደ ቡዳፔስቱ ግድግዳ አንድ እርምጃ መመለስ ነው።

ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ቡዳፔስት ውስጥ ሁለቱ የሚሰሙት አንድ ነገር ነው። በአሁኑ ጥቅል ክፍያው አንድ ሆኖ ሰሚዎቹ ሁለት ናቸው፤ ለየራሳቸው ስም፣ ለየራሳቸው ዝርዝር፣ ለየራሳቸው ማዳመጫ። ጠቡ ቀርቷል። ከጠቡ ጋር አብሮ የሚመጣው ‹‹እስቲ ይህችን አንድ ጊዜ ስሚልኝ›› የሚለው ልመናም ቀርቷል። ኩባንያው ራሱ ይህ የጎደለው መሰለኝ፣ ከጥቅሉ ጋር የሁለቱን ሰዎች ምርጫ ቀላቅሎ በራሱ የሚያዘጋጅ ዝርዝር አብሮ አውጥቶ ነበር። ባልና ሚስት ሳሎን ውስጥ ሲያደርጉት የኖሩትን ድርድር ማሽን ተረክቦ ሠራው።

አሁን ወደ ከባዱ ጥያቄ ደረስን። በቤት እናስከፍላለን ያለ ነጋዴ ቤት ምን እንደሆነ መናገር አለበት። የብዙዎቹ መልስ ተመሳሳይ ነው፤ ቤት ማለት አድራሻ ነው። ጥቅሉ የሚፈቀደው በአንድ አድራሻ አብረው ለሚኖሩ ነው ይላል ውሉ። ስፖቲፋይ በ2018 መኸር በአንዳንድ አገሮች ያሉ የቤተሰብ ደንበኞቹን የስልካቸውን ጂ.ፒ.ኤስ. ከፍተው የት እንዳሉ እንዲያሳዩ ጠየቀ፤ ቁጣ ሲነሣ ሙከራውን አቆመ። በዓመቱ ግን ውሉን አሻሽሎ አድራሻን አልፎ አልፎ የማጣራት መብት አስገባ። በኩባንያው በኩል ሆነን ብናየው አግባብ አለው። ስድስት የማይተዋወቁ ሰዎች ቤተሰብ ነን ብለው በአንድ ቤት ክፍያ ሲሰሙ፣ ለዘፋኙ የሚደርሰው ድርሻም አብሮ ይቀጥናል።

ግን በእኛ ቋንቋ ቤት ማለት አድራሻ ነው? ‹‹የእገሌ ቤት›› ስንል ግድግዳውን ብቻ አይደለም የምንለው። ወንድ ልጁ ዋሽንግተን፣ ሴት ልጁ ቤይሩት፣ አባትየው ደብረ ብርሃን ያሉበት ቤት አንድ ቤት ነው፤ ሐዘን ሲደርስ በአንድ ድንኳን ይቆጠራል። በካሴት ዘመን ይህን የሚያውቅ ልማድ ነበረን። ከባሕር ማዶ ያለ ልጅ ደብዳቤ በመጻፍ ፈንታ ድምፁን በካሴት ቀርጾ በሰው እጅ ይልካል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ በዚያው ዳንቴል በለበሰ ቴፕ ይሰማል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ከዚያም በካሴቱ ሌላ ፊት እያንዳንዱ በተራ ተናግሮ፣ በመጨረሻ አዲስ የወጣ ዘፈን ተቀድቶበት ይመለሳል። ምኒልክና ጣይቱ ለለንደን ያደረጉትን ነገር የአዲስ አበባ ድሃ ቤተሰብ ከሰማንያ ዓመት በኋላ ለሮምና ለጅዳ አደረገው። ለዚያ ቤተሰብ ቴፑ ያለበት ቤት ቤት ነው፤ የተቀረጸው ድምፅም የቤት ሰው ነው።

እኛም ቤት ይህ ጥያቄ ደርሶብናል። ባለቤቴ ለሥራ ሁለት ዓመት ሻርጃ ነበረች። የባንክ ካርድ ያላት እሷ ስለሆነች የሙዚቃውን ክፍያ የምትከፍለው እሷ ናት። ስሙን የማልጠራው አገልግሎት የሁለት ሰው ጥቅል አለው፤ ልትጨምረኝ ስትሞክር የምኖርበትን አድራሻ እንዳረጋግጥ ጠየቀኝ። አሥራ አራት ዓመት የኖርንበት ትዳር በአድራሻ ተረታ። ሁለት የአንድ ሰው ክፍያ መክፈል ደግሞ በወር የምትልከው ገንዘብ ላይ የሚመዘን ነገር ነው፤ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያ አለ። ስለዚህ በአንድ ስም ሁለታችን መስማት ቀጠልን፤ አንዱ ሲከፍት የአንዱ እየተዘጋ።

የሻርጃ ሰዓት ከእኛ በአንድ ሰዓት ይቀድማል። እሷ ከሥራ ወጥታ አውቶቡስ ላይ ስትቀመጥ ዘፈን ትከፍታለች። ያን ጊዜ አዲስ አበባ ውስጥ የእኔ ጸጥ ይላል። መጀመሪያ ያናድደኝ ነበር። በኋላ ግን ከሥራ በሰላም መውጣቷን የማውቀው በእሱ ሆነ። ዘፈኑ በለመደበት ሰዓት ካልተቋረጠ ስልኬን አነሣና እደውላለሁ። አንዳንድ ቀን ደግሞ ሆን ብዬ መልሼ እነጥቃታለሁ፤ እሷም ትነጥቀኛለች፤ አንዲት ዘፈን በሁለት አገር መካከል አራትና አምስት ጊዜ ትመላለሳለች። የሞሪታ ብርቱካናማ ቁልፍ ይህን ያህል አገልግሎት የሰጠ አይመስለኝም። የአገልግሎቱ መሐንዲሶች ሌብነትን ለመከላከል ያበጁት አጥር፣ ለእኛ የግድግዳ ማንኳኳት ሆኖ አገለገለን።

አንድ ወዳጄ ይህን ሰምቶ ‹‹ያው ሕገ ወጥ ነው›› አለኝ። ውሉን ላነበበ ሰው እውነቱን ነው። እኔ የምለው ሕጉ የተጻፈው ባልና ሚስት በአንድ ጣራ ሥር ማደር ለሚችሉበት አገር ነው። ከዐረብ አገር እስከ አሜሪካ የኛ ሰው ቤቱን የሚያቆመው ከቤቱ ርቆ ነው። ለዚህ ዓይነቱ ቤት ጥቅል ያወጣ ኩባንያ እስካሁን አላየሁም። ሌላው ሰው ነገሩን በራሱ መንገድ ፈትቶታል፤ ዘፈኑን በቴሌግራም ይላላካል። እሱ ደግሞ ለዘፋኙ ምንም አያስገኝም። በጆሮም በቤትም ካልተቆጠረ፣ ያ ድምፁን አውጥቶ የዘፈነው ሰው በምን ይኖራል? አዝማሪው ቢያንስ ከመቶ ሰሚ የአንዱን ብር ግንባሩ ላይ ያገኝ ነበር።

ባለቤቴ ባለፈው ዓመት ተመልሳለች። አንድ ምሽት ተቀምጠን የሁለት ሰው ጥቅሉን ሞላን። አሁን አንድ አድራሻ አለን ብለን ነበር፤ ቅጹ ግን የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ፈለገ። የቤት ቁጥራችን የድሮው ቀበሌ የሰጠው፣ ከበሩ ላይ ቀለሙ የለቀቀ ነው፤ መንገዱ ስም ይኑረው አይኑረው ጎረቤትም አያውቅም። ትንሽ አሰበችና ‹‹ከመድኃኔዓለም ቤተ ክርስቲያን ጀርባ፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት›› ብላ ጻፈች። ተቀበለው።